«ይህን ከየት አገኘሽው?» ለሰባት ደቂቃ ገለጻ መረጃ ያሰባሰብኩበት መንገድ

ንግግሬን ጨርሼ ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ያን ቀን በእንግድነት ተጋብዘው ነው የመጡት። «ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሻል» አሉኝ። «ግን አጼ ፋሲል በ1632 ዓ.ም. ነገሡ አልሽ፤ በ1660 ዓ.ም. ዐረፉ አልሽ። ሠላሳ አምስት ዓመት የነገሡትን ንጉሥ ሃያ ስምንት ዓመት አደረግሽብኝ። ይህን ከየት አገኘሽው?»

ሊያሳፍሩኝ ፈልገው አልነበረም፤ ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ከየት እንዳገኘሁት በእውነት አላስታውስም ነበር።

ማታ ዶርም ገብቼ ደብተሬን ስበረብር ነገሩ ገባኝ። 1632ን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ካነበብኩት የውጭ ጽሑፍ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር። 1660ን ደግሞ ከላይብረሪ ካወጣሁት የአማርኛ መጽሐፍ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስገለብጥ የቱ የየትኛው እንደሆነ ስላልጻፍኩ ሁለቱም ላይ «ዓ.ም.» ለጠፍኩባቸው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ አጼ ፋሲል የነገሡት በእኛ 1624፣ በአውሮፓ ሰኔ 1632 ነው። ያረፉት በእኛ 1660፣ በአውሮፓ ጥቅምት 1667 ነው። አንዱ ላይ ልዩነቱ 8፣ ሌላው ላይ 7 መሆኑን ልብ በሉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገቡ ድረስ 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ወሩን ካላወቃችሁ በአንድ ዓመት ልትስቱ ትችላላችሁ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ዛሬ መምህር ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም አግዛለሁ። በየዓመቱ «ቲቸር፣ ገለጻ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ፣ ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ያንን የመጀመሪያ ንግግሬን፣ ከዚያም በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ያቀረብኩትን ሁለተኛውን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ላይ ያጠፋሁት ሰንፌ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቻለሁ። አርባ ገጽ ማስታወሻ ነበረኝ። ርዕሴ ግን «የጎንደር ታሪክ» ነበር። ለሰባት ደቂቃ! ምን እንደምፈልግ ሳልወስን ፍለጋ ወጣሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ለቃቀምኩ፤ መጨረሻ ላይ ከአርባ ገጽ የቱን እንደምጥል ስለማላውቅ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቆንጥሬ አቀረብኩ። አድማጭ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሲሰማ ስለ ጥምቀት እዘላለሁ፣ ከዚያ ስለ ጣሊያን ዘመን፣ ከዚያ ስለ ዩኔስኮ። ስጨርስ ማንም ምንም ይዞ አልወጣም። ያ ሁሉ ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ርዕስ የመጣልኝ ሳላስበው ነው። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ የእህቴን ልጅ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ለጥምቀት ውኃ ወደሚሞላው የግንብ ገንዳ፣ ሲወርዱ እናያለን። ከግርግሩ መሀል ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር «አክስቴ፣ ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» አለችኝ። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በየዓመቱ እዚያ ቆሜያለሁ። «ከወንዝ» አልኳት። «ወንዙ የታለ?» አለችኝ። አጠገቤ የቆሙትን ጠየቅሁ። አንዱ በቧንቧ ነው አለ፣ አንዷ በቦቴ ነው አለች፣ ሌላው «ፀበሉ ራሱ ይፈልቃል» አለ። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው የምንለው ነገር አንዳንዴ አገሩ ራሱ የማያውቀው ነው።

በማግስቱ ደብተሬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ከንግግሬ በኋላ አድማጮቼ የጥምቀቱ ውኃ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ እንደሚገባ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይችላሉ።» ቀጥዬ ያደረግሁት ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው። አስረጂ ንግግር ስለ አንድ ነገር ጥሩ ጥሩውን ማውራት ሳይሆን የሆነ ሰው የማያውቀውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አድማጩ ምን እንደማያውቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ጎግል አይነግራችሁም።

እኔ ዘጠኝ የክፍል ጓደኞቼን ጠየቅሁ። በወረቀት አይደለም፤ ካፌ ስንገናኝ፣ ሰልፍ ላይ ስንቆም። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ «የጥምቀቱ ውኃ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?» እና «ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር ብትጠይቅ ምን ትጠይቃለህ?» ሦስቱ ከሌላ ክልል የመጡ ናቸው፤ ጥምቀትን በጎንደር አይተው አያውቁም፤ ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ይመስላቸዋል። አራቱ «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት» አሉኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ «ዛፎቹ ግንቡን ለምን አያፈርሱትም?» አለችኝ፤ ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። በእነዚህ መልሶች ብቻ የምፈልገው ነገር ግማሹ ተለየ። ገንዳው በአብዛኛው ዓመቱ ደረቅ መሆኑን መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ፤ ለጎንደሬ ይህን መናገር ጊዜ ማባከን ነበር፣ ለሦስቱ ግን መሠረቱ እሱ ነው። የፖርቹጋሎቹን ነገር የሚያነሣ ሰው እንደሚኖርም ቀድሜ አወቅሁ።

ከዚያ አምስት ጥያቄ ጻፍኩ። ውኃው ከየት ይመጣል? በምን ይገባል? ገንዳውን ማን፣ መቼ ሠራው? ታቦታቱ ለምን እዚያ ይወርዳሉ? ዛሬ ቦታው ምን ዓይነት ጥበቃ አለው? ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሦስት ነገር አስቀመጥኩ፦ ይህን ማን ያውቃል፣ የት ነው ያለው፣ መቼ ይገኛል። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳዋል። መረጃው ያለው ሰው ዘንድ ሲሆን ሰው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። የካህናቱ ጠዋት የቅዳሴ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሽማግሌ ቤቱ አታገኙም። እኔ ያቀድኩበት ሳምንት ደግሞ ጾመ ነነዌ ሰኞ ይገባ ስለነበር የቤተ ክርስቲያን አባት ማናገሩን ወደ ዓርብ አሸጋገርኩት። ቢሮ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ካልገባ።

ስለ ቢሮ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ የትብብር ደብዳቤውን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ለመጀመሪያው ንግግሬ አንድ ቢሮ ባዶ እጄን ሄጄ «ደብዳቤ አምጪ» ተብዬ ተመለስኩ። ደብዳቤ ላጽፍ ብሄድ ጸሐፊዋ የለችም፤ ስትመጣ ፈራሚው የለም፤ ሲፈረም ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል። ደብዳቤው እጄ ሲገባ ንግግሩ ነገ ነበር። በሁለተኛው ላይ ርዕሴን የወሰንኩ ዕለት ደብዳቤውን አስገባሁ፤ በአራተኛው ቀን ወጣልኝ፤ እስከዚያ ላይብረሪ ነበርኩ። ደብዳቤው ላይ የምትፈልጉት ነገር በአንድ መስመር በግልጽ ይጻፍ። «ለጥናት መረጃ እንዲሰጣት» የሚል ብቻ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራው አያውቅም። የእኔ «ስለ ፋሲል መዋኛ የውኃ አገባብና ጥበቃ» ይል ስለነበር በቀጥታ ወደ ቅርስ ባለሙያው ተመራ።

ላይብረሪ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ብዙዎቹ የአማርኛ ታሪክ መጻሕፍት መጨረሻቸው ላይ የቃላት መጠቆሚያ የላቸውም፤ ስለዚህ ማውጫውን አንብባችሁ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ክፈቱ። ሙሉውን ላንብብ ካላችሁ ጊዜያችሁ እዚያው ያልቃል። ሁለተኛ፣ የላይብረሪውን ሠራተኛ አናግሩ። እኔን የረዱኝ ሴትዮ ጥያቄዬን ሲሰሙ «ስለ መዋኛው ብቻ የተጻፈ አታገኚም፤ ስለ አጼ ፋሲልና ስለ አጼ ኢያሱ በተጻፉት ውስጥ ፈልጊ» አሉኝ። ለምን ኢያሱን እንደጨመሩ ያኔ አልገባኝም ነበር። ሳነብ ተገለጠልኝ፦ ሕዝቡ ሁሉ፣ ስሙም ራሱ፣ ቦታውን የአጼ ፋሲል ያደርገዋል፤ የአጼ ኢያሱ ሥራ ነው የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ጥያቄ ሦስትን በአንድ መስመር እመልሳለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት አንዱን መርጬ ሌላውን መተው ነው፤ የሚያውቅብኝ የለም ብዬ። ከዚያ የእኒያ አዛውንት ድምፅ መጣብኝ። በመጨረሻ ንግግሬ ውስጥ እንዲህ አልኩ፦ «በትውፊት የሚነገረውና ስሙም የሚመሰክረው የአጼ ፋሲል መሆኑን ነው፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ለአጼ ኢያሱ ይሰጡታል።» አሥራ አምስት ሰከንድ እንኳ አልወሰደብኝም። አድማጭ ልዩነት ሲነገረው ግራ ይጋባል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ልዩነቱን ስትነግሩት የቀረውንም እንዳጣራችሁ ያምናችኋል።

የፖርቹጋሎቹንም ነገር እንዲሁ አዘጋጀሁ። አጼ ፋሲል በፖርቹጋል ድጋፍ የመጡትን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር ያስወጡት ገና በንግሥናቸው መጀመሪያ ነው፤ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ብቻውን የውጭ ባለሙያ እጅ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ግን «ፖርቹጋሎች ሠሩት» ብሎ ለሚዘጋው ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ከንግግሩ ውስጥ አላስገባሁትም። ከተጠየቅሁ ብዬ ለብቻ ያዝኩት፤ ተጠየቅሁም።

ኢንተርኔቱን የተጠቀምኩት ከመጽሐፉ በኋላ ነው፤ ተማሪዎቼም በዚህ ቅደም ተከተል እንዲሄዱ እገፋፋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ስለ መዋኛው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አምስት ጽሑፍ አገኘሁ። አምስቱም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚሉ «አምስት ምንጭ ተስማማ» ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ግን ከአምስቱ በአራቱ ውኃው በቦይ የሚመጣበት ወንዝ ስም፣ «ቀሃ» የሚለው፣ «ቀና» ተብሎ መጻፉን አየሁ። አንዱ የተሳሳታትን ፊደል ሌሎቹም እንዳለች ይዘዋታል። አራቱ ሰዎች አራት ምንጭ አልነበሩም፤ አንድ ሰው ጽፎ ሦስቱ ገልብጠዋል። ከመጽሐፍ ቀድሜ ወንዙ ቀሃ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ እኔ አራተኛ ገልባጭ እሆን ነበር። ስለዚህ ጽሑፎች ሲመሳሰሉባችሁ መጀመሪያ ስሕተታቸውን አመሳስሉ።

ከኢንተርኔቱ የጠቀመኝ የዩኔስኮ ገጽ ነው። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአውሮፓ 1979 ነው፤ ምዝገባው ግንቡን ብቻ ሳይሆን መዋኛውንም ይጨምራል። የጥምቀት በዓል ደግሞ በማይዳሰስ ቅርስነት በታኅሣሥ ወር 2019 ኮሎምቢያ ላይ በተደረገው ስብሰባ ተመዘገበ፤ በእኛ 2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። ቦታው ሌላ ምዝገባ፣ በዓሉ ሌላ ምዝገባ ነው፤ በመካከላቸው አርባ ዓመት አለ።

ስለ ካርዶቹ ልንገራችሁ። ከደብተር መሀል ወረቀት ገንጥዬ አንዱን ገጽ ለአራት እቆርጠዋለሁ። በአንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ። ከላይ በስተግራ የጥያቄው ቁጥር፣ መሀሉ ላይ መረጃው በራሴ ቃል፣ ጀርባው ላይ ከየት እንደመጣ። ለምሳሌ ይህ አሁንም እጄ ላይ አለ፦ ፊቱ ላይ «ጥ. 3፦ አጼ ፋሲል 1624–1660 በእኛ፤ 1632–1667 በአውሮፓ»፤ ጀርባው ላይ የመጽሐፉ ስም፣ ገጹ፣ ላይብረሪ ያነበብኩበት ቀን፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ሁለቱም ተመሳክሯል»። ዓመት ያለበት ካርድ ሁሉ «በእኛ» ወይም «በአውሮፓ» ሳይባልበት አያልፍም። ስልክ ላይ መጻፍ ይቀላል የሚሉኝ ልጆች አሉ፤ ይቅለላቸው፤ ግን ካርድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቦታ ሲቀያይሩት ንግግሩ ዓይናችሁ ሥር ይሠራል። ደግሞ መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪ ቢያልቅ ወረቀቱ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ አንድ አባት እንዳሉ የጓደኛዬ እናት ነገረችኝ፤ በወጣትነታቸው ለጥምቀት ውኃ ከሚያስገቡት መሀል ነበሩ። መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ «እንደምን ዋሉ አባባ» ብዬ ተቀመጥኩና «ስለ ፋሲል መዋኛ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከንጉሡ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አርባ አራቱ አድባራት፣ ስለ ደርቡሽ ነገሩኝ። ደስ ይላል፤ ግን ሁሉም መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፤ የእሳቸው የራሳቸው የሆነውን አልነገሩኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ሰጡኝ።

ቡና ቀርቦ ሁለተኛው ሲቀዳ ጥያቄዬን ለወጥኩ። «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ቦዩን ሲጠርጉ ከየት ነበር የሚጀምሩት?» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ተነሺ» አሉኝ፤ በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

ቁልቁል ወረድን። ጥምቀት ካለፈ አሥር ቀን ቢሆነው ነው፤ ቦዩ ውስጥ እርጥብ ቅጠል ተከማችቷል። ጎንበስ ብለው በበትራቸው ጫፍ ቅጠሉን ወደ ጎን ገፉት፤ ከሥሩ ድንጋዩ ወጣ። «ይኸውልሽ፤ ይህ ከታየሽ ውኃ ይሄዳል፤ ይህ ከተሸፈነ ውኃው ይፈስሳል እንጂ አይደርስም» አሉ። በወጣትነታቸው ከበዓሉ ቀደም ብለው እየተሰበሰቡ ጭቃውንና ቅጠሉን ይጠርጉ እንደነበር፣ የሚያፈስ ቀዳዳ ሲያገኙ በሣርና በጭቃ ይደፍኑት እንደነበር ነገሩኝ። «ውኃው መጀመሪያ ሲደርስ ቀይ ነው» አሉ፤ «ጭቃውን ይዞ ነው የሚመጣ። ቀስ እያለ ይጠራል።» ይህን አንድም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። የንግግሬ መክፈቻ እሱ ሆነ።

ሰው ለማነጋገር ከመሄዳችሁ በፊት አንብባችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። ያነበበ ሰው መጽሐፍ ላይ ያለውን መልሶ አይጠይቅም፤ እኒያ አባት ብቻ የሚያውቁትን ይጠይቃል። ሁለተኛም፣ «ምን ያውቃሉ?» ሳይሆን «ምን አዩ? እርስዎ ምን አደረጉ?» በሉ። ሦስተኛ፣ ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ። እሳቸው «ስልኩን ተይው፣ እኔን ስሚ» ስላሉኝ አልቀዳሁም፤ ከተሰናበትኳቸው በኋላ ባጃጅ ሳልይዝ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስድስት ካርድ ጻፍኩ። ማታ እጽፈዋለሁ ብል ኖሮ «ቀይ ነው» ያሉትን ቃል አጣው ነበር።

ገንዳው ለመሙላት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እሳቸው አንድ ቁጥር ነገሩኝ፣ ቦታው ላይ ያገኘሁት ሌላ ሰው ደግሞ የተለየ ቁጥር። ሁለቱም በቅንነት ነው የነገሩኝ፤ የወንዙ መጠንም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ በንግግሬ «ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት» አልኩና አለፍኩ። ቁጥር ስላማረ ብቻ አይገባም።

ቦታውን በዓይን ማየትም የምርምሩ አካል ነው፤ በተለይ ጎንደር ላይ፣ ነገሩ ሁሉ በእግር በሚደረስበት ከተማ። ገንዳው ደረቅ ሲሆን በዙሪያው ሄድኩ። የዛፎቹ ሥሮች ግንቡን እንደ ጣት ጨብጠውት አየሁ፤ አንዳንዱ ጋ ድንጋዩን ይዘውታል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ገፍተው ሰንጥቀውታል። የዚያችን ልጅ ጥያቄ ለቅርስ ባለሙያው ያቀረብኩት ፎቶውን አሳይቼ ነው፤ ፎቶ ሲያይ በጣቱ እየጠቆመ ነበር የሚያስረዳኝ። በቃል ብቻ ብጠይቀው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ይሸኘኝ ነበር።

ታቦታቱን በተመለከተ የቤተ ክርስቲያኑን አባት ዓርብ ከሰዓት አገኘኋቸው፤ ከተራና ጥምቀት የጌታን ወደ ዮርዳኖስ መውረድ እንደሚያስቡ፣ ታቦታቱ አድረው በማግስቱ ጠዋት ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ እንደሚረጭ አስረዱኝ። ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው፤ ጥያቄዬ አንድ ስለነበረ።

መቼ ይቁም? ይህ ለእኔ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ፍለጋ ይጣፍጠኛል። ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ድምፄን ለካሁ፤ ረጋ ብዬ ስናገር በደቂቃ ዘጠና ቃል ያህል ነው የምለው። ሰባት ደቂቃ ማለት ወደ 630 ቃል ነው፤ ከሁለት የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥ። ለዚህ አርባ ገጽ አያስፈልግም። ስለዚህ ንግግሩ አምስት ቀን ሲቀረው ፍለጋውን እዘጋለሁ ብዬ የቀን መቁጠሪያዬ ላይ አከበብኩ። የዚያን ዕለት 31 ካርድ ነበረኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን ከላይ አስቀመጥኩና አንድ በአንድ ጠየቅሁ፦ ይህ ካርድ ውኃው ከየት መጥቶ እንዴት እንደሚገባ ለማወቅ ይረዳል? 12 ቀሩ። ስጥል ያንገበገበኝ አንድ ካርድ አለ፤ ከመዋኛው አጠገብ ያለው፣ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባለው ክብ ቤት ነው። እጅግ የሚያምር ታሪክ ነው። ግን ውኃ አልነበረበትም፤ ጣልኩት።

ከመናገሬ ሁለት ቀን በፊት ወደ ቀሃ ተመልሼ ንግግሩን ለእኒያ አባት አነበብኩላቸው። የሰው ቃል ከተጠቀማችሁ ሰውየው ቀድሞ ይስማው፤ ይህን የማደርገው ለይሉኝታ ብዬ አይደለም፣ ስሕተት የሚያዝበት የመጨረሻው በር ስለሆነ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ» አሉ። «መዋኛ መዋኛ አልሽው፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይለው ይሆናል። እኛ ግን ቦዩን የጠረግነው ለዋና አልነበረም። ያንን ስትናገሪ ጥምቀተ ባሕር በይ።» እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ የእሳቸውን ታሪክ በያዙት አራት ካርዶች ላይ ቃሉን ሰርዤ አስተካከልኩ።

ንግግሩ ስድስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ፈጀ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንደጠበቅሁት የፖርቹጋሎቹ ነበር። ሌላው «ውኃው ቀይ ነው ያልሽው ከየት አገኘሽው?» የሚል ነበር፤ ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩላቸው፦ «ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የሚኖሩ አባት፤ ወጣት ሳሉ ቦዩን የጠረጉ፤ ጥር 21፣ ቦዩ ዳር ቆመን።»

ያልተጠቀምኩባቸውን 19 ካርዶች በፖስታ አድርጌ አስቀምጬአቸው ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የሚኒ ሚዲያ ልጅ ርዕስ ቸግሮት ሲመጣ ፖስታውን ዘርግፌ አሳየሁት። የዞብልን መረጠ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነበር።